መኖው ለማን ይድረስ? የደቡብ ቴክሳስ አጋዘኖችና የመኖ መስጫቸው ጉዳይ

ሐምሌ ላይ ደቡብ ቴክሳስ ገና በማለዳው ይግላል። በቁጥቋጦው መሀል በተጠረገ ቦታ በሦስት እግር የቆመ ትልቅ በርሜል አለ። ከበርሜሉ ሥር ሦስት ቱቦዎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ወጥተዋል፤ በየቱቦው አፍ ላይ እንክብል መኖ ተጠራቅሟል። ቀንዱ ገና በለስላሳ ጸጉራም ቆዳ የተሸፈነ አንድ ጎልማሳ ወንድ አጋዘን ከአንዱ ቱቦ ይበላል። ሁለቱን ቱቦዎች የያዘ የለም። ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ አንዲት የምታጠባ እንስት ቆማለች። ሽንጧ ገብቷል፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። አንድ እርምጃ ትጠጋለች። ወንዱ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ቀና ሲል ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። በርሜሉ ውስጥ ለሁለቱም የሚተርፍ መኖ ሞልቷል፤ ለእርሷ ግን የለም ማለት ነው።

ይህ በዚያ አገር የመኖ መስጫ በቆመበት ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። ስለ መኖ መስጫ ሲወራ ግን ወሬው ሁልጊዜ ስለ በርሜሉ ነው፤ ስንት ኪሎ ይይዛል፣ ከምን ተሠራ፣ ስንት ያወጣል። እኔ ጉዳዩን ከተከታተልሁ ወዲህ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል እላለሁ። መኖ መስጫ የሚመርጥ ሰው ማን እንደሚበላና ማን ቆሞ እንደሚመለከት እየወሰነ ነው። ይህን እንድል ያደረገኝ ኮማንቼና ፌይዝ በተባሉ ሁለት የቴክሳስ ራንቾች፣ ማለትም ሰፋፊ የግጦሽ መሬቶች ላይ ለዓመታት የተካሄደ የመስክ ሙከራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። እኛ አጋዘን የምንለው በቆላችን የሚኖረውን ባለ ጠምዛዛ ቀንድ እንስሳ ነው፤ በባሌ ተራሮች ያለውንም የደጋ አጋዘን እንለዋለን። ሁለቱም የከብትና የፍየል ወገን ናቸው፤ ቀንዳቸው እንደ በሬ ቀንድ አንዴ ከበቀለ አይወድቅም። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ከሌላ ወገን ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ያበቅላል። በማደግ ላይ ያለ ቀንድ ደርቆ ቢመዘን አብዛኛው ፕሮቲን ነው። እየጠነከረ ሲሄድ ደግሞ ካልሲየምና ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ከምግቡ የጎደለውን እንስሳው ከገዛ ጎድን አጥንቱ እየቀነሰ ወደ ቀንዱ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው።

በእነዚያው ወራት እንስቷ የባሰ ሸክም አለባት። በደቡብ ቴክሳስ ወንድና ሴት የሚገናኙት በታኅሣሥ ነው። እርግዝናው 200 ቀን ያህል ስለሚወስድ ግልገሉ የሚወለደው በሐምሌ አካባቢ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ወተቱ የሚወጣው ከዚያ ከደረቀ ምድር ነው። ከብት ያረባ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም፤ በበጋ የወለደች ላም ምን እንደምትመስል ያውቃል።

ምድሩም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ራንቾቹ ያሉት በሜክሲኮ ድንበር አቅራቢያ በዲሚት ካውንቲ ነው። መሬቱ በእሾሃማ ቁጥቋጦ የተሞላ ነው። ከግራር ወገን የሆኑ አጫጭር ዛፎች፣ በትግራይ በለስ የምንለው ቁልቋል፣ በአፋር ግጦሹን የወረረው የፕሮሶፒስ ዛፍ የቅርብ ዘመድ የሆነው መስኪት አሉ። አጋዘኑ ሣር አይወድም፤ የሚበላው የቁጥቋጦ ቅጠል፣ አበባ፣ የመስኪት ፍሬና ዝናብ ሲጥል የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎችን ነው። ዝናቡ ግን አይታመንም። አንዱ ዓመት ምድሩን አረንጓዴ ያደርጋል፣ የሚቀጥለው ያቃጥለዋል።

ሙከራውን ያካሄዱት በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ኪንግስቪል የሚገኘው የሲዛር ክሌበርግ የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ቻርለስ ዲያንግ፣ ቲሞቲ ፉልብራይትና ዴቪድ ሂዊት ይገኛሉ። ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ የታመነው ነገር እንስሳ ሲበዛ ምግብ ያንሳል፣ ምግብ ሲያንስ እናቶች ይከሳሉ፣ ግልገል ይሞታል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብትቀንስ የቀሩት ይወፍራሉ፣ ይራባሉ የሚል ነበር። የመሬት ባለቤቶችም ሲመከሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። ዝናቡ እንዲህ በሚዋዥቅበት ደረቅ አገር ይህ ይሠራል ወይ? መኖ ሲጨመርበትስ?

በየራንቹ ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ትልልቅ ክልሎች በረጅም አጥር ታጠሩ። እያንዳንዱ ክልል 81 ሄክታር ነው፤ በእኛ አሮጌ አቆጣጠር ሁለት ጋሻ መሬት ማለት ነው። በክልሎቹ ውስጥ እንዲኖሩ የታሰበው የአጋዘን ቁጥር 10፣ 25 ወይም 40 ነበር። በግማሾቹ ክልሎች እንክብል መኖ ዓመቱን ሙሉ እንዳሻቸው እንዲበሉ ቀረበ፤ በቀሩት ግማሾች ምድሩ ከሰጠው በቀር ምንም አልተጨመረም። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 ቆየ። በዚህ መሀል የ2011 ድርቅ መጣ፤ በቴክሳስ ታሪክ ዝናብ ተመዝግቦ ከሚታወቅበት ጊዜ አንስቶ እንደዚያ የደረቀ ዓመት አልታየም። ለሙከራው ግን ያ ክፉ ዓመት ትልቅ አስተማሪ ነበር።

ከሥራው ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ክፍል አለ። አጋዘኖቹ በትክክል ምን እንደሚበሉ ለማወቅ ተመራማሪዎቹ በእጅ ያደጉ፣ ሰው የለመዱ እንስት አጋዘኖችን ወደ ክልሎቹ አስገቡ። ተማሪው እንስቷን በቅርብ ይከተላል። አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ዝቅ ይላል፤ የትኛውን ተክል እንደነከሰች፣ ስንት ጊዜ እንደነከሰች አንድ በአንድ ይመዘግባል። በዚያ እሾህ መሀል፣ በዚያ ሙቀት፣ የአንዲት እንስሳ ንክሻ ሲቆጠር መዋል ነው። ስለ ዱር እንስሳ የምናውቀው ብዙ ነገር እንዲህ ባለ ትዕግሥት የተገኘ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም። ከዚህ ቆጠራ አንድ ጠቃሚ ነገር ተረጋገጠ፤ መኖ በብዛት የቀረበላቸው አጋዘኖች እንኳ ከቁጥቋጦው መብላታቸውን አላቆሙም። የሚያመነዥክ እንስሳ ሆድ በእንክብል ብቻ አይኖርም። በርሜሉ መሬቱን ሊተካው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱስ? መኖ በተሰጠባቸው ክልሎች አጋዘኖቹ በክብደት በለጡ፣ እንስቶቹ ብዙ ግልገል አሳደጉ፣ መንጋውም በፍጥነት አደገ። ይህ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው የቁጥሩ ነገር ነው። በ10 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት በእንስሳቱም ሆነ በተክሉ ላይ ያመጣው ለውጥ ነባሩ ሐሳብ እንደሚለው የገዘፈ አልነበረም። ቅጠላ ቅጠሉ ከዓመት ዓመት እንዲበዛና እንዲሳሳ ያደረገው ዋናው ነገር ዝናብ ነበር። መንጋህን ብቻ ቀንስ፣ የቀረው በራሱ ይስተካከላል የሚለው ምክር በዚህ ምድር ላይ ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ከዚህ ተነስቶ ቁጥር ግድ የለውም የሚል ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። እነዚያ ክልሎች የተመጠኑ ነበሩ፤ ማንም ሳይቆጥር በመኖ እያበዛ የሚተወው መንጋ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ መኖ ይጠቅማል። ወደ በርሜሉ እንመለስ።

በቴክሳስ ሁለት ዓይነት መሣሪያ በብዛት ይታያል። አንደኛው በባትሪና በሰዓት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከሥሩ ያለችው ሳሕን ትሽከረከርና በቆሎ ዙሪያውን ትበትናለች። አዳኞች የሚወዱት ይህንን ነው፤ ድምፁ እንስሳውን ይጠራዋል። በቆሎ ግን የፕሮቲን መጠኑ ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ጉልበት ይሰጣል እንጂ ቀንድ አያበቅልም፣ ወተት አይሞላም። ባልለመደው ሆድ ላይ በብዛት ሲገባም ጨጓራውን በአሲድ ይመርዘዋል፤ ክምር ገብስ አግኝታ ያለ ልክ የበላች ላም የሚደርስባት ማለት ነው። የአጋዘን ፕሮቲን ፍላጎት በእድገትና በማጥባት ጊዜ ወደ 16 በመቶ ስለሚጠጋ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ከ16 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን አለው።

ለእንክብሉ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በራሱ ክብደት እየወረደ ቱቦውን ወይም ገንዳውን የሚሞላ መስጫ ነው። ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፤ እንስሳው የበላውን ያህል ከላይ ይወርዳል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው በራሱ እጅ ከበርሜልና ከፕላስቲክ ቱቦ ይሠራዋል፤ ሥራውም የሚያስመሰግን ነው። ጠላቱ ግን እርጥበት ነው። እንክብል ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ እንደ ሊጥ ይሆንና ቱቦው አንገት ላይ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ አንዲት ፍሬ አትወርድም። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ መኖ መኖሩን ያይና ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እንስሳቱ ግን ከሳምንት በፊት ትተውት ሄደዋል። ስለዚህ የራሱን መስጫ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል የቱቦው አፍ ነው። ከላይ ዝናብ የሚመልስ ጣሪያ ይኑረው፣ ወለሉ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቀዳዳ ይኑረው፣ እጅ አስገብቶ ለመጥረግ ይመች። በየጉብኝቱ ክዳኑን ከማየት በፊት ቱቦው ውስጥ ጣትን ማስገባት ይሻላል።

እርጥበት ከመዝጋትም የከፋ ነገር ያመጣል፤ ሻጋታና ከሻጋታው የሚመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ። ነገሩ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላም አርቢዎችም እንግዳ አይደለም፤ በኑግ ፋጉሎ በኩል ወደ ወተት እንደሚገባ በጥናት ታይቷል። በቴክሳስም የሚፈራው በተለይ በበቆሎ ላይ ነው። ከአጋዘኑ ይልቅ የሚጎዱት ወፎች ናቸው፤ መሬት ላይ የተበተነውን የሚለቅሙት ድርጭቶችና ተርኪ የተባሉት ትልልቅ የዱር ወፎች። የሸተተ ወይም የሻገተ መኖ ለዱር እንስሳ ይሆናል ብሎ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ተካፋዮቹ እንምጣ። በቴክሳስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ወደ ዱር የገቡ አሳማዎች እንዳሉ ይገመታል፤ መኖ ያሸተተ የአሳማ መንጋ በርሜሉን ገፍቶ ይጥላል፣ በአንድ ሌሊትም ይጨርሰዋል። መፍትሔው አጥር ነው፤ አጋዘን ይዘላል፣ አሳማ አይዘልም። ቁመቱ ስንት ይሁን የሚለውን የቴክሳስ ተመራማሪዎች 51፣ 71 እና 86 ሴንቲ ሜትር አጥሮችን አወዳድረው አዩት። 51 ሴንቲ ሜትሩ የማይረባ ሆነ፤ በ71ዱ አሳማዎቹ በጣም ቀነሱ፤ አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው 86ቱ ነው። እንግዲህ ከሰው ወገብ ዝቅ የሚል የብረት ሽቦ ፍርግርግ ይበቃል። የአጥሩ ስፋት ግን ሊቆጠብ አይገባም። ጠባብ ክብ ውስጥ የገባ አጋዘን የታሰረ ይመስለዋል፤ አንድ ኃይለኛ ወንድ ሲገባም ሌሎቹ መሸሻ ያጣሉ። ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ግልገል አጥሩን ሊዘለው ስለማይችል ከውጭ ይጠብቃል፤ በዚያ ዕድሜ ዋናው ምግቡ ወተት ስለሆነ እናቱ ብትበላለት ይደርሰዋል።

ሌሊት የሚወጣው ትንሽ የአሜሪካ አውሬ፣ ራኩን፣ ሌላ ፈተና ነው። ጣቶቹ እንደ ሰው ጣት ረቂቅ ናቸው፤ ወጥቶ ቱቦው ላይ ይቀመጥና በእፍኙ እየዛቀ ከሚበላው በላይ መሬት ላይ ያፈስሳል። ከመኖው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚከተለው ነው። በመኖ መስጫ አካባቢ የሚሰበሰቡ ራኩኖች መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎችን እንቁላል ይበላሉ፤ በመስጫ አቅራቢያ ያሉ ጎጆዎች ይበልጥ እንደሚጠፉ ቴክሳስ ውስጥ የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ ተርኪና ድርጭት ከሚጥሉበት ሣራማ ቦታ መስጫውን ማራቅ ግዴታ ነው።

አንዳንዶች አሳማንና ራኩንን ለማሸነፍ ወደ ጥጥ ፍሬ ዞረዋል። ዘይቱ ያልተጨመቀ የጥጥ ፍሬ 23 በመቶ ያህል ፕሮቲንና 20 በመቶ ያህል ቅባት አለው፤ አሳማና ራኩን ብዙም አይፈልጉትም። በውስጡ ያለው ጎሲፖል የተባለ ንጥረ ነገር እንደ አሳማ ላሉ የማያመነዥኩ እንስሳት መርዝ ነው፤ የሚያመነዥኩት ግን በመጠኑ ይችሉታል። እዚህ ላይ መኖው ራሱ መስጫውን ይመርጣል። የጥጥ ፍሬ በአጫጭር የጥጥ ጸጉር የተሸፈነ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ በቱቦ ውስጥ አይወርድም። የሚቀመጠው በተጠቀለለ የሽቦ ፍርግርግ ውስጥ ነው፤ አጋዘኑ በቀዳዳዎቹ በኩል እየጎተተ ይበላል። ርካሽ፣ ቀላልና ማንም በአንድ ከሰዓት የሚሠራው ነገር ነው። ሆኖም ምግባቸው እርሱ ብቻ እስኪሆን ድረስ መስጠት አይገባም።

ይህ ሁሉ የሌላ ዘር ተቀናቃኞችን ለመመለስ ነው። ከባዱ ግን በአጋዘኖቹ በራሳቸው መካከል ያለው ነው። በደቡብ ቴክሳስ የተደረጉ ተከታታይ ጥናቶች ጎልማሳ ወንዶች ከእንስቶች የበለጠ መኖ እንደሚበሉ፣ መስጫው ላይም ሌሎቹን እንደሚያባርሩ አሳይተዋል። ለአደን የሚፈለገውን ትልቅ ቀንድ ብቻ የሚያስብ ባለ ራንች በዚህ ላይከፋ ይችላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ይቆጨኛል፤ የነገው ወንድ ዛሬ በዚያች ጎኗ በገባ እናት ሆድና ጡት ላይ ነው። በኮማንቼና በፌይዝ የታየው የግልገል መብዛት የመጣው መኖው ለእናቶቹም ስለ ደረሰ ነው። በአንድ ትልቅ በርሜል ፋንታ ሁለት ትንንሾችን እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ቁጥቋጦ ይግባ፤ አንዱን የያዘ ወንድ ሌላውን እንዳያይ በብዙ መቶ ሜትሮች ይራራቁ። ሦስት ቱቦ ያለው በርሜል ለሦስት አጋዘን ነው ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ አንድ ወንድ ሦስቱንም ይዘጋል።

ማራራቁ ለመሬቱም ይጠቅማል። አጋዘኖች ውሏቸውን ወደ መስጫው ያስጠጋሉ፣ በዙሪያው ያለውን ቁጥቋጦም ይበልጥ ይበሉታል። በተጨማሪም የበሽታ ስጋት አለ። አንጎልን የሚጎዳውና እንስሳውን የሚያመነምነው የአጋዘን በሽታ በቴክሳስ በዱር አጋዘን ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን በ2015 ደግሞ በእርባታ ላይ ባሉ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘኖች ላይ ተገኝቷል። መድኃኒት የለውም፤ በምራቅና በእዳሪ ይወጣል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ብዙ አፍ አንድ ቱቦ የሚነካበት መሣሪያ ለእንዲህ ያለ በሽታ ምቹ መሆኑ ግልጽ ነው። በሽታው በተገኘበት አካባቢ መሬት ቢኖረኝ መስጫ አልተክልም ነበር፤ ያለኝን ገንዘብ ቁጥቋጦውን ለመንከባከብ አውለው ነበር።

በሽታው በሌለበት፣ 81 ሄክታር ያህል መሬት ላለውና ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህ ነው። እንክብሉን አደን ካለቀ በኋላ፣ በየካቲት አካባቢ በጥቂቱ ጀምር፤ ሆዳቸው ይልመደው። ዙሪያውን በ86 ሴንቲ ሜትር ፍርግርግ ሰፋ አድርገህ እጠር። በሐምሌና በነሐሴ አታቋርጥ፤ እናቶቹን አስለምደህ በወተት ወራት መተው ካለመጀመር የባሰ ነው። በየሳምንቱ ቱቦውን ጥረግ፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን አንሣ። ካሜራ ካለህ ስቀልና ማን ስንት ጊዜ እንደ መጣ ቁጠር። ካሜራ ከሌለህ በአጥሩ ውስጥ ያለውን አፈር ማታ በቅጠል ጠርገህ አስተካክልና ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ተመልሰህ ኮቴውን እይ። ትልልቁ ኮቴ ብቻ ተደጋግሞ ከታየ፣ ትንንሾቹም በአጥሩ ውጭ ዙሪያውን ረግጠው ከተመለሱ፣ ሌላ መስጫ ሥራና ከዚያ ርቆ፣ ከቁጥቋጦው ማዶ ትከለው።